ሸክላው ቅጠል ሲያወጣ፦ ዕፅዋትና እንስሳት በዛሬው የጃፓን ሸክላ ጥበብ

ከጃፓን ዘመናዊ ሸክላ አጠገብ የሚለጠፉትን የሙዚየም መግለጫዎች ያነበበ ሰው አንድ አባባል ደጋግሞ ያገኛል፤ ሠሪው መነሻውን ከተፈጥሮ ወስዷል የሚል። አባባሉ ሐሰት የለበትም። ችግሩ ስፋቱ ነው። ድንቢጥ የተሳለበት ሳህን ከተፈጥሮ ተወሰደ ይባላል፤ ዱባ የመሰለ ማሰሮም እንዲሁ። የቀጠኑ የጭቃ ቁርጥራጮች በሺሕ ተደራርበው ምንነቱ የማይታወቅ፣ ግን ነፍስ ያለው የሚመስል ነገር ሲሆኑም መግለጫው ያው ነው። ሦስቱ ሥራዎች ከዕፅዋትና ከእንስሳት ጋር ያላቸው ዝምድና ግን ለየቅል ነው።

ይህ ዳሰሳ ዝምድናው ከየት እንደመጣ፣ በየትኞቹ መንገዶች እንደተከፋፈለና ዛሬ የሚያከራክረው ምን እንደሆነ ይመለከታል። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የጃፓናውያኑ ስም ደግሞ በአገሩ ልማድ የቤተሰብ ስም አስቀድሞ ተጽፏል።

ዶሮ በሌለበት አገር የዶሮ ራስ

በሰሜን ጃፓን፣ በአኦሞሪ ግዛት የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ዕድሜያቸው ከ15,000 ዓመት ይበልጣል። ጆሞን ተብሎ የሚጠራው ይህ የረጅም ዘመን ባህል በጣም የታወቁ ዕቃዎቹን ያፈራው ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ኒጋታ በምትባለው ግዛት ነው። ከንፈራቸው እንደ እሳት ነበልባል ወደ ላይ የሚንቦገቦግ ማሰሮዎች ናቸው። አርኪኦሎጂስቶች በከንፈሩ ላይ ጎልተው የወጡትን አራት ጉጦች በአውራ ዶሮ ራስ ስም ይጠሯቸዋል። ስሙ ዛሬም በካታሎጎች ውስጥ አለ። ይሁንና ዶሮ ወደ ጃፓን የገባው እነዚህ ማሰሮዎች ከተሠሩ ከሁለት ሺሕ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጭቃውን ያበጁት እጆች አውራ ዶሮ አይተው አያውቁም። ዶሮውን ያየው የእኛ ዘመን ተመልካች ነው።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የጠቅላላው ጥያቄ ችግር እዚህ ላይ አለ። በናጋኖና በያማናሺ ከተገኙ የዚያው ዘመን ዕቃዎች አንዳንዶቹ ላይ እባብና እንቁራሪት የሚመስል ቅርጽ ይታያል፤ እባብ መሆኑ እምብዛም አያከራክርም፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሠዓሊው ኦካሞቶ ታሮ በ1952 ስለ ጆሞን ባወጣው መጣጥፍ ዕቃዎቹን ከአርኪኦሎጂ መደርደሪያ አውርዶ በሥነ ጥበብ ዓይን አያቸው። ከዚያ ወዲህ የዘመናችን ሸክላ ሠሪዎች ከጆሞን ጋር ዝምድና መቁጠር ለመዱ። የዘር ሐረጉ ግን ቀጥተኛ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ የለም። በመካከል ሺሕ ዓመታት አሉ፣ የቻይናና የኮሪያ ትምህርት አለ፣ ሌላ የምድጃ ዓይነትም አለ።

እስከ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን በመኳንንት መቃብር ጉብታዎች ላይ ይተከሉ የነበሩትን የሸክላ ፈረሶች፣ ውሾችና ዶሮዎች (በዚህ ጊዜ ዶሮው እውነተኛ ነው) አልፈን ወደ ኪዮቶ እንምጣ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኖኖሙራ ኒንሴይ የሠራው የዕጣን ማጨሻ ዛሬ በካናዛዋ፣ በኢሺካዋ ግዛት የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል፤ በብሔራዊ ሀብትነትም ተመዝግቧል። ማጨሻው የቆቅ ዘመድ የሆነች ፌዛንት የተባለች ወፍ ናት፤ በቁመቷ ልክ ለሁለት ተከፍላ የላይኛው ግማሽ ክዳን፣ የታችኛው ግማሽ የፍም ማስቀመጫ ሆኗል። ርዝመቷ 48 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጭራዋ ምንም ድጋፍ ሳይኖረው በአግድም ተዘርግቷል። ጭቃ በብርቱ እሳት ውስጥ እንደሚለሰልስና ወደ ታች እንደሚያዘነብል የሚያውቅ ሰው ቀለሙን ከማድነቁ በፊት ያንን ጭራ ነው የሚያየው።

ከኒንሴይ ቀጥሎ የመጣው ኦጋታ ኬንዛን በ1699 ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ ምድጃውን ሲተክል ሌላ መንገድ ያዘ፤ ሳህኑን እንደ ወረቀት ቆጥሮ፣ ወንድሙ ኮሪን የሚስላቸውን አበቦችና ወፎች ከግጥም ጋር አሳረፈበት። በደቡብ፣ በአሪታ፣ ጃፓን ከ1592 እስከ 1598 ኮሪያን ከወረረች በኋላ የመጡ ኮሪያውያን ሸክላ ሠሪዎች ነጩን ፖርሴሊን አስጀመሩ። የካኪኤሞን ቤተሰብ ይህን ነጭ ገጽ አብዛኛውን ባዶ ትቶ በአንድ ጥግ ቅርንጫፍና ወፍ ይስልበት ነበር። አበባና ወፍን አጣምሮ መሳል ከቻይና የመጣ ልማድ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። «ጃፓናዊ የተፈጥሮ ፍቅር» የሚባለው ነገር ከመነሻው የብዙ አገር እጅ ያለበት ነው።

የኮዛን ሸርጣኖች

ወደ ዘመናዊው ዘመን መሻገሪያው ሚያጋዋ ኮዛን ነው። በ1842 በኪዮቶ ተወልዶ በዮኮሃማ ወደብ ምድጃ የከፈተው ይህ ሰው የሚሠራው ለውጭ ገበያ ነበር፤ በ1876 በፊላደልፊያ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ትርኢትም ተሸልሟል። በ1881 የሠራው ባለ እግር ጎድጓዳ ዕቃ ዛሬ በቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ዕቃው ራሱ ሻካራና ጠማማ ነው፤ ቡናማ ቅብ በላዩ ላይ ተንዠርጎ እንደ ጭቃ ውሃ ይወርዳል። ከጎኑ ሁለት ሸርጣኖች አንዱ በሌላው ላይ እግሩን ጭኖ ተጣብቀዋል። የእግራቸው መገጣጠሚያ፣ የጀርባቸው ጉርብጥብጥ፣ የጥፍራቸው ጥርስ ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ዕቃው የሸክላ መሆኑን ሳይደብቅ ሸርጣኖቹ ብቻ እውነተኛ መምሰላቸው ነው የሚያስደነግጠው።

የዚህ ዓይነቱ ሥራ ዋጋው ከባድ ነበር። ጭቃ ሲደርቅም ሲተኮስም ይኮማተራል፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ክፍል እኩል ካልተኮማተሩ የሸርጣኑ እግር ከዕቃው ይላቀቃል። ብዙው ይሰበራል፣ የተረፈው ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። የገዢውም ምርጫ ስለተለወጠ ኮዛን በኋለኛው ዕድሜው ወደ ለስላሳ፣ ከቅብ ሥር ወደሚሳል የፖርሴሊን ሥራ ዞረ። በ1916 ሞተ፤ ምድጃው በ1945 የዮኮሃማ የአየር ድብደባ ወደመ።

በኮዛን ላይ የሚሰጠው ፍርድ እስከ ዛሬ ሁለት ነው። አንደኛው ወገን ሸርጣኖቹንና በሌሎች ዕቃዎቹ ላይ ያሉትን ጭልፊቶች ለምዕራባዊ ገዢ የተዘጋጀ የእጅ ጥበብ ትዕይንት አድርጎ ያያቸዋል። በአብዛኛው ሃያኛ ክፍለ ዘመን የበላይ የነበረው ይህ አስተያየት ነው። ሁለተኛው ወገን፣ በተለይ የሞቱ መቶኛ ዓመት በ2016 በቶኪዮ ሰንቶሪ ሙዚየም በትልቅ ዐውደ ርእይ ከታሰበ ወዲህ፣ ኮዛን ዕቃንና ቅርጻ ቅርጽን ያገናኘ ቀዳሚ ሰው መሆኑን ያነሳል። ለኔ ሁለተኛው ፍርድ ያመዝናል። ዛሬ በዓለም ሙዚየሞች የሚደነቁት የሸክላ ቅጠሎችና ኮራሎች ከጃፓን የሻይ ሥነ ሥርዓት ጽዋ ይልቅ ለዚህ ሸርጣን ይቀርባሉ፤ ዝምድናውን የሚቆጥርለት ግን ጥቂት ነው።

የአምስት ቅጠሏ አበባ አራት ስትሆን

ከኮዛን በኋላ ጥያቄው «እንዴት እናስመስል?» ከሚለው ወደ «ምን ያህል እናስቀር?» ተለወጠ። ኢታያ ሃዛን (1872–1963) በቶኪዮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረው ቅርጻ ቅርጽ ነበር። ከአውሮፓው አር ኑቮ ንድፎች ብዙ እየገለበጠ ያጠናው ይህ ሰው ቅጠሎችንና አበቦችን በፖርሴሊኑ ገጽ ላይ በስሱ እየቀረጸ ጭጋግ በመሰለ ቅብ ሸፈናቸው። ኮዛን ሸርጣኑን ከዕቃው ሲያወጣው ሃዛን ቅጠሉን ወደ ዕቃው መልሶ አስገባው። በ1953 የመንግሥትን የባህል ኒሻን ከሸክላ ሠሪዎች የመጀመሪያው ሆኖ ተቀበለ። በ1960 «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ለሚባለው ማዕረግ ሲታጭ ግን እምቢ አለ።

ቶሚሞቶ ኬንኪቺ (1886–1963) ለራሱ ያወጣው ሕግ ከሁሉ የበለጠ ተጽዕኖ አድርጓል፤ ከንድፍ ንድፍ አይሠራም የሚል ነው። የድሮ ዕቃ ላይ ያለውን አበባ መገልበጥ ክልክል ነው፤ ደጅ ወጥቶ ተክሉን አይቶ፣ ሥሎ፣ ከዚያ ንድፉን ራስ ማውጣት ይገባል። ይሁንና የራሱ ዝነኛ ንድፍ ይህን ሕግ ውስብስብ ያደርገዋል። በጃፓን ቴይካካዙራ የምትባለው ሐረግ አበባዋ አምስት ቅጠል አላት። ቶሚሞቶ አራት አደረጋት፤ ምክንያቱም አራት ቅጠል ያላት አበባ በአራት ማዕዘን ውስጥ ገብታ ሳትቋረጥ ዕቃውን መዞር ትችላለች። ተክሉን በዓይኑ አይቶ ተነሳ፤ መጨረሻ ላይ የወሰነው ግን የዕቃው ስሌት ነው። ከተፈጥሮ መነሳት ለተፈጥሮ መታዘዝ ማለት አለመሆኑን ከዚህች አበባ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

በዚያው ዘመን ያናጊ ሶኤትሱ የመራው የሕዝብ ዕደ ጥበብ ንቅናቄ ውበትን ስም ከሌለው ሠሪ እጅ ፈለገ። ሃማዳ ሾጂ በኦኪናዋ ያየውን የሸንኮራ አገዳ በጥቂት የብሩሽ ምት ዕድሜውን ሙሉ ሲደጋግመው ኖረ፤ እጁ ስለለመደው አገዳው ሊታወቅ እስከማይችል ድረስ አጠረ። በኦኪናዋው ኪንጆ ጂሮ ዕቃ ላይ ደግሞ ዓሣና ሽሪምፕ በፈጣን ጭረት ይዋኛሉ፤ ሃማዳ ዓሣን ፈገግ ማሰኘት የሚችል ከጂሮ ሌላ የለም ብሎ እንዳደነቀው ይነገራል። ኪንጆ በ1985 ከኦኪናዋ የመጀመሪያው ሕያው ብሔራዊ ቅርስ ተባለ።

አፍ የሌለው ማሰሮ

በ1948 በኪዮቶ ያጊ ካዙኦ፣ ሱዙኪ ኦሳሙ፣ ያማዳ ሂካሩና ጓደኞቻቸው ሶዴይሻ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ያጊ በ1954 ያቀረበው «የአቶ ሳምሳ የእግር ጉዞ» በካፍካ ልቦለድ አንድ ጧት ተባይ ሆኖ በነቃው ሰው ስም የተጠራ ነው። በሸክላ መንኮራኩር የተሠራ ቀለበት ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ በዙሪያው ትናንሽ ቱቦዎች እንደ እግር ተሰክተዋል። ውሃ አይዝም፣ አበባ አይሰካበትም። የጃፓን ሸክላ ከጥቅም የተፋታበት ቀን ተብሎ በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። በአብዛኛው የማይጠቀሰው እንስሳው ነው። ያጊ ነፍሳትን አልቀረጸም፤ መለወጥን፣ ከሰው ወደ ነፍሳት የሚደረገውን ሽግግር ነው የሠራው። ሱዙኪ በበኩሉ ፈረስን ደጋግሞ ሠራ፤ ቀይ ቅብ የተቀባ፣ እግሩና አንገቱ ወደ ጥቂት ጠፍጣፋ ገጾች የተጠቃለለ፣ ከፈረስነት ይልቅ ቆሞ የመጠበቅ ስሜት የሚሰጥ ነው። ቡድኑ በ1998 ፈረሰ፤ የተወው ፈቃድ ግን አልፈረሰም፤ ከዚያ ወዲህ ሸክላ ሠሪ ዕቃ መሥራት ግዴታው አይደለም።

መሳል፣ መምሰል፣ ማደግ

የዛሬውን ሥራ ለማየት ሦስት መንገዶችን መለየት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው መንገድ ተክሉ ወይም እንስሳው በዕቃው ገጽ ላይ ይሳላል። ይህ የሕያው ብሔራዊ ቅርሶች ጎራ ነው፤ ሥርዓቱ በ1950 በወጣው የባህል ቅርስ ጥበቃ ሕግ ላይ ተመሥርቶ በ1955 የመጀመሪያዎቹን ሰዎች ሰይሟል፣ ቶሚሞቶም አንዱ ነበር። ወፎችን በቅቡ ውስጥ የሳለው ፉጂሞቶ ኖዶ በ1986፣ የጫካ አበቦችን እየዞረ ይስል የነበረው አሥራ አራተኛው ካኪኤሞንና ከቅብ ሥር በወርቅ ቅጠል አበባ የሚያሳርፈው ዮሺታ ሚኖሪ በ2001 ተሰይመዋል። የዚህ መንገድ ጥንካሬ ጥራቱ ነው። ድካሙም ያው ነው፤ ማዕረጉ የሚሰጠው ለቴክኒክ ጌትነት ስለሆነ ሠሪውን ወደሚታወቅ አበባ ይስበዋል።

ሁለተኛው መንገድ ዕቃው ራሱ ተክሉን ወይም እንስሳውን እንዲመስል ያደርጋል። በ1943 የተወለደችው ኮይኬ ሾኮ በሺጋራኪ ጭቃ የምትሠራቸው ዕቃዎች ከንፈራቸው እንደ ባሕር ዛጎል የተጠቀለለ፣ ጠርዛቸው የሾለ፣ በነጭ ቅብ የተሸፈኑ ናቸው። ካትሱማታ ቺኤኮ (የተወለደችው 1950) ዱባና ኮራል ትሠራለች። ቀለሙን በጨርቅ ላይ በብሩሽ እየጠቀጠቀች ደራርባ ስለምትቀባ ገጹ አያብረቀርቅም፤ ብርሃን ይውጣል። ዱባው ጠፍጣፋና ሸንተረር የበዛበት ነው፤ ቀለሙ ግን ቀይና ብርቱካናማ ከመሆኑ ብዛት ገበያ ላይ ያለውን ዱባ የሚያሳፍር ነው። መመሳሰሉ እዚህ ላይ ይቆማል። ክብደቱን ሲገምቱት ዱባ ነው፣ ቀለሙን ሲያዩት በምድር ላይ የለም።

በለንደን የምትኖረው የጊፉዋ ተወላጅ ሆሶኖ ሂቶሚ (የተወለደችው 1978) መመሳሰልን እስከ ጫፍ ወስዳዋለች። መጀመሪያ ቅጠሉን እስከ ደም ሥሩ ታጠናለች፤ ሞዴሉን ሠርታ በጄሶ ቅርጽ ማውጫ ታዘጋጃለች፤ ከዚያ ፖርሴሊኑን እየጫነች በመቶና በሺሕ የሚቆጠር ቅጠል ታወጣለች። እያንዳንዱን በመሣሪያ አስተካክላ በመንኮራኩር በተሠራ ጎድጓዳ ላይ እየደራረበች ስትለጥፍ ውስጡ እስከማይታይ ድረስ ይሸፈናል። ማድረቁ ብቻ ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ቀጫጭኖቹ ጠርዞች ቀድመው ከደረቁ ይሰነጠቃሉ። የላባ ቅጠል የለበሰው ትልቁ ጎድጓዳዋ በብሪቲሽ ሙዚየም አለ። የማተም ዘዴው ግን ጃፓናዊ አይደለም፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዙ ዌጅዉድ ፋብሪካ ያስፋፋው ነው። እሷም በኋላ በዚያው ፋብሪካ ተጋባዥ አርቲስት ሆናለች። ታዲያ ይህ የጃፓን ሸክላ ነውን? ሙዚየሞቹ በየክፍላቸው የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ጥያቄው የትውልድ አገር ከሆነ አዎ ነው፤ የዘዴ ከሆነ መልሱ ወደ እንግሊዝ ያደላል።

ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ አዲስና ለመግለጽ ከሁሉ አስቸጋሪ ነው። ሠሪው ምንም የታወቀ ተክል ወይም እንስሳ አይቀዳም፤ ትንሽ ነገር እየደጋገመ፣ አንዱን በሌላው ላይ እየጨመረ፣ ሥራው እንደ ፍጡር «እንዲያድግ» ያደርጋል። ሃቶሪ ማኪኮ (የተወለደችው 1984) ስስ የጭቃ ፍቅፋቂዎችን እየጠቀለለች ቅብ በሌለው ቅርጽ ላይ በጥቃቅን ትሰካለች፤ ውጤቱ ከሩቅ ሱፍ፣ ከቅርብ የባሕር ፍጡር ይመስላል። ካዋባታ ኬንታሮ ፖርሴሊንን ከመስታወት ጋር አዋህዶ እንደ ሥጋ በል ተክል አፋቸውን የከፈቱ ዕቃዎች ያበጃል። ኢናዛኪ ኤሪኮ (የተወለደችው 1972) ደግሞ «ሜታኖያ» በተሰኘ ሥራዋ የ2023ን የሎዌ ፋውንዴሽን የዕደ ጥበብ ሽልማት አሸንፋለች። ጥቃቅን ቅንጣቶች ተከማችተው የሠሩት ይህ ቅርጽ ኮራል ነው ቢሉት ኮራል ነው፣ ማዕድን ነው ቢሉትም ማዕድን ነው።

በዚህ ሦስተኛ መንገድ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ነው። መደጋገምና መደራረብ ድካሙን ራሱ ለዕይታ ማቅረብ አይሆንምን? ከኮዛን ሸርጣን በምን ይሻላል? የሚከላከሉለት ሰዎች የሚሰጡት መልስ ሠሪዋ መጨረሻውን አስቀድማ አለማወቋን ነው፤ ሸርጣኑ ከመጀመሩ በፊት ሸርጣን ነው፣ ይህኛው ግን መልኩን የሚያገኘው በመንገድ ላይ ነው። መልሱ ለምርጦቹ ሥራዎች ይሠራል። ዘዴው እንደ ፋሽን ሲባዛ ግን አይሠራም፤ ባለፉት ዓመታት ደግሞ ተባዝቷል።

እንስሳው ወዴት ሄደ?

ከላይ የተጠቀሱትን የዛሬ ሰዎች ያየ አንባቢ ተክልና የባሕር ፍጡር እንደበዛ፣ አራት እግር ያለው እንስሳ ግን እንደጠፋ ሳያስተውል አይቀርም። ይህ ሚዛን መዛባት ብዙ አልተጠናም።

አንዱ ምክንያት እንስሳው ወደ ሱቅ መሄዱ ነው። በሸክላ ከተማዋ በሺጋራኪ መንገድ ዳር የሚደረደረው የሸክላ ታኑኪ (የዱር ውሻ ዘመድ የሆነ እንስሳ)፣ ባርኔጣ አድርጎ፣ ሆዱን ነፍቶ፣ የአረቄ ጠርሙስ ይዞ በየምግብ ቤቱ በር ይቆማል። በ1951 ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ከተማዋን ሲጎበኙ ነዋሪዎች ታኑኪዎቹን ባንዲራ አስይዘው በመንገዱ ግራና ቀኝ ደረደሯቸው፤ ዝናው በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ከዚያ በኋላ የሸክላ እንስሳ ከማስታወሻ ዕቃ ለመለየት ተቸገረ። በሌላዋ የሸክላ ማዕከል በቢዜን የሆነውም ይህን ይደግፋል። ካኔሺጌ ቶዮ ሥራ የጀመረው በእንስሳትና በሰው ምስሎች ነበር፤ ከበሬታን ያገኘውና በ1956 ሕያው ብሔራዊ ቅርስ የተባለው ግን ያንን ትቶ የ16ኛውን ክፍለ ዘመን የሻይ ዕቃዎች አሠራር ካነቃ በኋላ ነው። መሰላሉ ግልጽ ነው፤ ጽዋው ከላይ፣ እንስሳው ከታች።

ሁለተኛው ምክንያት የዕቃው ባህል ነው። ማሰሮ ሆድ፣ አንገትና ከንፈር አለው፤ ፍሬ፣ አበባና ዛጎልም ባዶ ውስጥና ክፍት አፍ ስላላቸው ወደ ዕቃ ለመለወጥ አይቸገሩም። ፈረስ ይቸገራል። ሱዙኪ ፈረሱን ወደ ረቂቅ ቅርጽ የወሰደው ምናልባት ለዚህ ነው። ለኔ የሚያሳምነኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የሸርጣኑና የዛጎሉ ዕድሜ መርዘምም ይደግፈዋል፤ ሁለቱም ቅርፊት፣ ማለትም ዕቃ፣ አላቸውና።

ሴቶቹና ዛጎሉ

ከሦስቱ መንገዶች በኋለኞቹ ሁለቱ ላይ ሴቶች ይበዛሉ። ለዘመናት ሴት በእንጨት ወደሚነደው ምድጃ እንዳትቀርብ የሚከለክል እምነት ነበር፤ በቤተሰብ ምድጃ ውስጥ ቀለም ስትቀባና ጭቃ ስታዘጋጅ ብትውልም ስሙ የአባት ወይም የባል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ከፈቱ፤ በ1957 ቱቦይ አሱካና ጓደኞቿ በኪዮቶ የሴት ሸክላ ሠሪዎችን ማኅበር መሠረቱ። የኤሌክትሪክና የጋዝ ምድጃ ያመጣው ለውጥም ቀላል አልነበረም፤ አንድ ሰው ብቻውን፣ ያለ ቤተሰብ ጭፍራ፣ መተኮስ ቻለ።

በ2023 መጨረሻ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የተከፈተው ዐውደ ርእይ የ36 ጃፓናውያን ሴቶችን ሥራ ይዞ ነበር። ክርክሩ እዚህ ላይ ነው። ዛጎሉን፣ አበባውንና ፍሬውን «ሴታዊ» ብሎ ማንበብ በገዢዎችም በአንዳንድ ጸሐፊዎችም ዘንድ የተለመደ ነው። ንባቡ ግን የወንዱን ሠሪ የካዋባታን ሥጋ በል ዕፅዋት ሊያስረዳ አይችልም። ሌላው ማስረዳት ታሪካዊ ነው፤ ሴቶቹ የሚወርሱት የምድጃ ስምና የቤተሰብ ጽዋ አልነበራቸውም፣ ስለዚህ ከወግ ውጪ ያለ መነሻ መፈለግ ነበረባቸው፣ ተክልና ባሕር ደግሞ ባለቤት የለውም። ይህኛው የተሻለ ማስረጃ አለው።

ፍቅር ወይስ ልማድ?

ሁሉን የሚጠቀልሉ ሁለት ማብራሪያዎች በየጽሑፉ ይገናኛሉ። ፈላስፋው ዋትሱጂ ቴትሱሮ በ1935 ባሳተመው «ፉዶ» የሰው ባህል ከሚኖርበት አየርና መልክዓ ምድር እንደማይነጠል ተከራከረ፤ የዝናብ ነፋስ የሚመላለስበት አገር ሕዝብ ተፈጥሮን የሚቀበል ባሕርይ ያዳብራል አለ። «ጃፓናውያን ከተፈጥሮ ጋር ይስማማሉ» የሚለው የካታሎግ አባባል ብዙውን ጊዜ የዚህ ሐሳብ የቀጠነ ጥላ ነው። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ሺራኔ ሃሩኦ በ2012 ባወጣው መጽሐፍ ተቃራኒውን አሳየ፤ በጃፓን ግጥምና ሥዕል የሚወደደው ተፈጥሮ የከተማ መኳንንት መርጠው ያሰናዱት፣ በወቅት የተደለደለ፣ ሁለተኛ ተፈጥሮ ነው። ፕለም፣ ጥድ፣ ሽመላ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሚያብቡ ሰባት ሣሮች፤ ዝርዝሩ አጭርና የታወቀ ነው። በ1956 የሚናማታ የሜርኩሪ መመረዝ በይፋ የታወቀባት አገር ለተፈጥሮ በባሕርይዋ የምትሳሳ ናት ማለትም አስቸጋሪ ነው።

የሺራኔ ማብራሪያ ለተሳሉት ሳህኖችና ለሻይ ዕቃዎች በደንብ ይሠራል። የቶሚሞቶ ሕግም ሲታይ በዚያ በተሰናዳ ተፈጥሮ ላይ የተነሳ አመፅ ነው። ለሦስተኛው መንገድ ግን አይበቃም፤ ኮራል፣ ሻጋታና ሕዋስ በመኳንንቱ ዝርዝር ውስጥ የሉም። እነዚህን ያመጣቸው ማይክሮስኮፕ፣ የዩኒቨርሲቲ ስቱዲዮና የጭቃው የራሱ ጠባይ ነው። ጭቃ ሲሰነጠቅ፣ ሲታጠፍ፣ ሲጠቀለል ወደ ቅጠልና ወደ ቆዳ ያደላል፤ ሠሪው ይህን አይቶ ይከተለዋል። «የተፈጥሮ ፍቅር» የሚለው መግለጫ ለገዢ ቀላል ነው፤ ለአንባቢ ግን የሠሪውን ትምህርት ቤት፣ ዘዴውንና ምድጃውን ቢነግሩት ይበልጥ ይጠቅመው ነበር።

ጭቃው ራሱ

በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ጥቂት የተነገረለት ነገር ሸክላው የሚሠራበት መሬት ነው። የሸክላ ማዕከላት የሆኑት የሴቶና የሚኖ ታዋቂ ጭቃ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ግራናይት ፈራርሶ በጥንታዊ ሐይቅ ውስጥ በመከማቸቱ የተገኘ ነው። ኪቡሺ በሚባለው ዓይነት ውስጥ የከሰለ የጥንት እንጨት ቅንጣት ስላለ እንደ ልብ ይታጠፋል፤ ቅጠል ለመሥራት የሚመረጠው ጭቃ ራሱ የተክል ቅሪት ይዟል ማለት ነው። ክምችቱ እየተመናመነ ነው፤ ጥሩ ጭቃ ማግኘት ከዓመት ዓመት ከብዷል። በጊፉ ያሉ አምራቾችና ተመራማሪዎች ያገለገሉ ሳህኖችን ሰብስበው፣ ፈጭተው፣ ከአዲስ ጭቃ ጋር ቀላቅለው መልሰው መሥራት ከጀመሩ ሰንብቷል። ሥራው እስካሁን በአብዛኛው ለገበታ ዕቃ ነው፤ የሥነ ጥበብ ሸክላው አሁንም በአዲስ ጭቃ ይሠራል።